የቀዶ ጥገና ክፍሉ ዘበኛ

የቀዶ ጥገና ክፍሉን ኃላፊ ነርስ ሰው ሁሉ «ዘበኛዋ» ይላታል፤ እሷ በሌለችበት ነው ታዲያ። ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ፣ «ሲስተር» ነው። ኦፕራሲዮን ከተጀመረ በኋላ ያንን በር የከፈተ ሰው አበሳውን ያያል። ስልኬን ረሳሁ፣ ሰላም ልበል ብዬ ነው፣ እሷ ዘንድ አይሠራም። አንድ ቀን የሆስፒታሉ ዳይሬክተር እንግዶች አስከትሎ ቢመጣ፣ «በበሩ መስታወት ይታያል» ብላ ከነእንግዶቹ ኮሪደር ላይ አቁማዋለች።

እዚያ የሚሠራው የአጥንት ሐኪም መጀመሪያ አካባቢ በዚህ ነገሯ ንድድ ይለው ነበር። እያደር ግን ገባው። ጣሪያው ላይ ያለው ማሽን የተጣራ አየር ቁልቁል እየለቀቀ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ይገፋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግፊቱ ይላላና የኮሪደሩ አቧራ ከነጀርሙ ሰተት ብሎ ይገባል። የተከፈተ ቁስል ላይ ካረፈ ጉድ ነው፤ በተለይ ሰውነት ውስጥ የገባ ብረት ላይ ከተጣበቀ መድኃኒትም በቀላሉ አያስለቅቀውም። እሷ በሩን ከያዘች ወዲህ ያመረቀዘ ቁስል ማየት ብርቅ ሆኗል፤ ሐኪሙም ይህን አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተኙት የራሷ አባት ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ በብረት ሊተካ ነው። የገዛ ቤተሰብ ላይ መሥራት ስለማይፈቀድ፣ ዕቃውን ሁሉ አሰናድታ ለምክትሏ አስረክባ ወጣች። ሽማግሌው የደነዘዙት ከወገባቸው በታች ብቻ ነው፤ አፋቸውና ፍርሃታቸው እንደነቁ ናቸው።

«ልጄስ?» አሉ፣ ቁስሉ እንደተከፈተ።

«ውጭ ናት አባባ፤ በመስታወቱ እያየችዎት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ትግባና አጠገቤ ትሁን። ልሞት ነው መሰለኝ።»

ልባቸው ሲሮጥ የልብ ምት መቁጠሪያው መጮህ ጀመረ። ሐኪሙም በሩ አንዴ ቢከፈት ምን ይመጣል ብሎ አሰበ፤ ለሌላ በሽተኛ እንዲህ አስቦ አያውቅም። ቀና ብሎ በአገጩ ግቢ አላት። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ደግሞ ጠራት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። ጨካኝ የሚላት ካለ ያን ጊዜ ፊቷን ያላየ ሰው ነው። ሐኪሙ በሕይወቱ እንደዚያ ያከበረው ሰው አልነበረም።

«አልገባም አለች?» አሉ አባት፤ ፊታቸውንም አዞሩ። ማደንዘዣ የሰጣቸው ባለሙያ እጃቸውን ይዞ ሲያባብላቸው ቆየ።

ኩርፊያቸው ስፌቱ እስከሚወጣበት ቀን ዘለቀ። ልጅ ምግብ ስታመጣ ይበላሉ፣ ስታናግራቸው ግድግዳውን ያያሉ። በዚያ ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ እሷ ከጎኑ ቆማለች። ቁስሉ ደርቋል፤ መቅላት የለ፣ እብጠት የለ፣ መግል የለ። ሽማግሌው አጎንብሰው መረመሩት።

«ደህና ነው። እኔ ብሆን ግን ስፌቱን እንዲህ አላራርቀውም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሕጉ ለሌላው ሰው ይሁን፣ እሺ። ለአባትሽም?»

«አባዬ» አለች፣ «እስከ ዛሬ እዚያ በር ላይ የቆምኩት፣ ውስጥ የተኛው ሰው ሁሉ አባቴ ነው እያልኩ ነው። እውነተኛው አባቴ ሲመጣ ልክፈተው?»

ሐኪሙ ፋሻውን ይጠቀልል ጀመር። ሽማግሌው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ለካ» አሉ፣ «ከስንቱ ሰው ጋር ስጋራሽ ኖሬያለሁ።»