የቁንዝላ አቀባበል

«ዝቅ በይ!» አለ ሻለቃ ክንዱ ከኋላ መቀመጫ። «አሁንም ከፍ ብለሻል። እዚህ ከፍታ ላይማ የሰባታሚት የበቆሎ ጠባቂም በወንጭፍ ያወርድሻል።»

ሉባባ የመሪውን ዘንግ በስሱ ወደፊት ገፋችው። የልምምድ ጄቷ አፍንጫዋን ደፋች። የሰባታሚት ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከሥር ብልጭ ብለው አለፉ፤ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ከክንፉ ጋር ሊተካከል ደረሰ። አንዲት ላም ቀና ስትል ታየቻት፤ ላሚቱ አፏን ሳትዘጋ ግን እሷ ቀጣዩን መንደር አልፋ ነበር።

«አሁን መጣሽ» አለ ሻለቃው። «እዚህ ቁጭ በይ። ዓይንሽን ሩቅ ጣይ። ከአፍንጫሽ ሥር ያለው ነገር ያለፈ ነገር ነው፤ ምንም አታደርጊውም።»

ከደመና በላይ የሚሄድ አውሮፕላን የቆመ ይመስላል። ተሳፋሪው ያንቀላፋል፤ ሻይ ይጠጣል። ሃምሳ ሜትር ላይ ግን ፍጥነት ሥጋ ይለብሳል። ምድር እንደ ጎርፍ ትመጣለች። ዛፍ ይመጣል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይመጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ሁሉም አሁኑኑ መልስ ይፈልጋሉ። ሻይ ቤት ተጎልቶ «ጉራ ነው፤ ነዳጅ ማባከን ነው» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው ባጃጅ ኩርባ ላይ ዘንበል ስትል በሁለት እጁ ብረት የሚጨብጥ ነው። አብራሪ ዝቅ የሚለው ራዳር እንዳያየው ነው። ኮረብታን ተገን አድርጎ መሄድ ያልቻለ አብራሪ፣ ጦርነት በመጣ ቀን ሬሳ ነው። የሚችለውም ቢሆን እየተማረ ሳለ አንድ ጊዜ ከተዘናጋ ሬሳ ነው። እንግዲህ ጉራ የተባለው ይህ ነው።

የዛሬው በረራ የመጨረሻው ፈተና ነበር። ሉባባ ካለፈች ወደ ተዋጊ ጄት ትሄዳለች። ከወደቀች ቀሪ ዘመኗን በጭነት አውሮፕላን እህልና ድንኳን ስታመላልስ ትኖራለች። እህል ማመላለስ ነውር አይደለም። እሷ ግን የምህንድስና ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥላ የወጣችው ለዚህ አልነበረም።

ወደ ጣና ዞሩ። የደንገሉ አረንጓዴ ጥብጣብ ከሥር ተቆረጠና ውሃው ተከፈተ።

ነፋስ ገና አልተነሣም። ሐይቁ መስታወት ነበር፤ ሰማይ ውስጡ ተኝቷል፤ ደመናው ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ነው። ሉባባ የጀርባዋ ላብ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። እዚህ የሚያስፈራ ዛፍ የለም፣ ሽቦ የለም። የሚያስፈራው ምንም ነገር አለመኖሩ ነው።

«ስንት ሜትር ላይ ነሽ?»

«ሃምሳ፣ ሻለቃ።»

«በምን ዐወቅሽ?»

«ከመሣሪያው።»

«መሣሪያው ለማረጋገጫ ነው። በዓይንሽ ንገሪኝ።»

ወደ ዳሩ ተመለከተች። የዘጌ ጫካ በግራ በኩል እየሮጠ ነበር፤ የዛፎቹን ቁመት ከአድማሱ ጋር አስተያየች።

«ትንሽ ወርጃለሁ» አለች፤ ወዲያው አፍንጫውን ቀና አደረገች።

«ጎሽ! የጣና ውሃ ቆንጆ ነው፤ ቆንጆ ደግሞ ይዋሻል። እኔ የማውቀው ጎበዝ አብራሪ እንዲህ ባለ ጠዋት ሰማይ መስሎት ነው የገባበት። ዳሩን እይ፣ ሞገድ ፈልጊ፣ ታንኳ ፈልጊ። ሰው የሠራው ነገር አይዋሽሽም።»

ፈገግ አለች። ሻለቃ ክንዱ በመሬት ላይ ሦስት ቃል ለመናገር የሚሰስት ሰው ነበር፤ ሃምሳ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን እንደ ሽማግሌ አማላጅ ይተርካል። ሠልጣኞቹ ይፈሩታል፤ ከሌላ አሰልጣኝ ጋር መብረር የሚፈልግ ግን አንድም የለም።

ከዘጌ ቀጥሎ ቁንዝላ ናት፤ አገሯ። አባቷ ሐጂ ሙሀመድሰዒድ መረብና ገመድ፣ ጨውና ስኳር የሚሸጡበት ሱቅ ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ነው። ትምህርቷን ጥላ አየር ኃይል መግባቷን በሰሙ ጊዜ «ሴት ልጅ ያሳደግሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጭልፊት ነው ያሳደግሁት» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ አላነሡላትም። ሰፈርተኛውም አፉን አልያዘም፤ «መኪና እንኳ የማትነዳ ልጅ» አለ። መኪና የማትነዳው መኪና ስላልነበራት ነው፤ ይህን ግን የሚያስብ የለም። በዘንድሮው ኢድ አባቷ ራሳቸው ደወሉ። እናቷ መዲና ከአጠገባቸው ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንደገና ደወሉ። «በእኛ ላይ ጠዋት ጠዋት አውሮፕላን ያልፋል» አሉ፤ ድምፃቸው አፍሮ ነበር። «የትኛዋ ነሽ?»

የበረራ ቀንና መስመር ለማንም አይነገርም። ለእናት አይነገርም፤ ለባል አይነገርም። ሉባባ ይህን ሕግ ታውቀዋለች። ግን ስንት ጊዜ ስልኳን ያላነሡ አባት «የትኛዋ ነሽ?» ሲሉ ምን ይባላል?

«ሐሙስ ጠዋት የማልፈው እኔ ነኝ፣ አባ» አለቻቸው።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ብር በመሰለው ውሃ ላይ መጀመሪያ የታያት ጥቁር ጭረት ነበር። ቀጥሎ ሌላ። ታንኳዎች ናቸው፤ ደስ አላት፤ ቁመቷን የምትለካበት ነገር አገኘች። ከዚያ ጭረቶቹ በዙ። ዓሣ አጥማጅ ተበታትኖ ነው የሚሠራው፤ እነዚህ ግን እንደ ሠርገኛ ተሰልፈዋል። በመካከላቸው አንድ የሞተር ጀልባ አለ፤ ጀልባው ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል፤ የቆሙ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ድቤ ይመታል።

ያን ጊዜ ገባት። በቁንዝላ ከሐጅ የሚመለስ ሰው በጀልባ ሲመጣ፣ የከተማው ሰው ታንኳውን ሁሉ ይዞ፣ ድቤውን እየመታ ውሃው ላይ ወጥቶ ይቀበለዋል። የብስ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘመድ ንፉግ ይባላል። አባቷ ንፉግ አልነበሩም። ሊቀበሏት ወጥተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሻለቃው።

መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘችም። ከታንኳዎቹ ዙሪያ የዓሣ ሆድዕቃ ሲጠብቁ የነበሩት ፔሊካኖች ድቤው ረብሿቸው ኖሯል፤ የአውሮፕላኑን ጩኸት ሲሰሙ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሐይቁ የተቀደደ ትራስ መሰለ። እያንዳንዱ ወፍ የበግ ግልገል ያህላል። በዚህ ፍጥነት የበግ ግልገል ድንጋይ ነው።

«ወፍ!»

ወደ ቀኝ ብትዞር ወፍ ነው። ወደ ግራ ብትዞር ክንፏን በሰው ራስ ላይ ታዘነብላለች። ዘንጉን ሳበች። እንደ ደነገጠ ሰው መንጭቃ አልሳበችም፤ በሁለት እጇ፣ በልክ፣ ጄቷ እስከቻለችው ድረስ ነበር። ደረቷ ላይ ዝሆን ተቀመጠባት። ነጩ ግድግዳ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ሊያልቅ ሲል—

ድው!

ጄቷ ወደ ቀኝ ተንጋደደች። ዘንጉ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሻለቃው አልተቆጣም፣ አላዘዘም፣ መሪውንም አልነጠቃትም። ሉባባ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠች፤ አልተለወጠም። ሙቀቱን አየች፤ ደህና ነው። ያላትን ፍጥነት በከፍታ እየለወጠች ወጣች፤ ከፍታ ላለው ሰው ጊዜ አለው። ከዚያ ዘንጉን ቀስ ብላ ወደ ግራ ፈተነችው። ጄቷ ታዘዘቻት።

«ቀኝ ክንፍ ተመትቷል» አለች። «ሞተሩ ደህና ነው። ዞሬ ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ። ስናርፍ ፍጥነት እጨምራለሁ፤ ክንፉ እንዳይከዳኝ።»

«እሺ» አለ ሻለቃው።

የመመለሻው መንገድ ረዘመባት። ዘንጉን ወደ ግራ ደግፋ ይዛ ክንዷ ዛለ፤ ጣቶቿን እያፈራረቀች አሳረፈች። ማረፊያው ሲታይ አልቸኮለችም። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክተው ሲጮኹ ብቻ ከኋላዋ ረጅም ትንፋሽ ሰማች።

ሞተሩ ሲጠፋ ሻለቃ ክንዱ ቀድሞ ወረደ። የቀኙ ክንፍ ግንባር የሰው ጭንቅላት በሚያህል ልክ ጎድጉዷል፤ ደምና ላባ ተለጥፎበታል። በመዳፉ ዳሰሰውና ወደ እሷ ዞረ።

«እጄን ያላስገባሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ሻለቃ።»

«የሚስተካከል ነገር አጣሁ። ዘንጉ ላይ እጄን አስቀምጬ ነበር፤ እኔ ልስብ ባሰብሁበት ቅጽበት አንቺ ስበሻል። እኔ በምስብበት ልክ ስበሻል። ስንት ዓመት ሳሠለጥን ይህን ሳይ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።» ላባውን ነቅሎ ጣለ። «አልፈሻል። ሂጂ ውሃ ጠጪ።»

የጄቷን ጎን ተደግፋ ቆመች። ደስታው ከፍርሃቱ ይልቅ ከብዷት ነበር።

አብሯት የሚሠለጥነው ጌትነት የራስ ቁሩን በብብቱ ሸጉጦ ከወዲያ መጣ። ተራው የሱ ነው፤ ሌላኛዋ ጄት ተዘጋጅታ ትጠብቀዋለች።

«አንቺ!» አለ ክንፉን አይቶ። «ለምሳ ዶሮ ይዘሽ መጣሽ እንዴ?»

«ዶሮ አይደለም፤ ሂድና እየው።»

«እኔማ ዓሣ አጠምዳለሁ። ውሃው እንዴት ነው?»

«መስታወት ነው» አለች። ሳቁ አፏ ላይ ደረቀ።

ታንኳዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። የቁንዝላ ሰው ሐጅ ተመላሽን ከቀትር በፊት ትቶ አይገባም። ጌትነት በዚያው መስመር፣ በዚያው ከፍታ ይሄዳል። ዝም ብትል ምናልባት በደህና ይመለስ ይሆናል። ምናልባት።

«ሻለቃ!» አለች። «ጌትነት አይነሣ።»

ሻለቃው ዞሮ አያት።

«ጀልባዎቹ እኔን ሊቀበሉ ነው የወጡት። ለአባቴ ቀኑን ነግሬዋለሁ።»

ሻለቃ ክንዱ ሲቆጣ አይጮህም። ፊቱ ብቻ አመድ ይመስላል።

«መስመሩንስ?»

«መስመሩን እሱው ያየዋል። ቤቱ ከሥር ነው።»

«እዚያ ጀልባ ላይ የነበረውን ሰው ቆጥረሽዋል?»

«አልቆጠርሁትም።»

«እኔም አልቆጠርሁትም። ክንፉ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይቆጥረው ነበር፤ ከዳር ላይ አስተኝቶ።» ወደ ጌትነት ሳያይ እጁን ዘረጋ፤ ጌትነት ባለበት ቆመ። «ያልሁትን መልሼ ወስጃለሁ። እጅሽ አልፏል፤ አፍሽ ወድቋል። ከሚቀጥለው ዙር ጋር እንደገና ትፈተኛለሽ፤ እስከዚያ መሬት ላይ ነሽ። የሚከራከርልሽ ካለ ከእኔ ጋር ይከራከር።»

«እሺ ሻለቃ።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «ደውዪ። ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

አባቷ ወዲያው አነሡ። ከጀርባቸው ድቤውና እልልታው ይሰማል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ሉባባ።»

«ሉቤ! አየሁሽ! ወላሂ አየሁሽ!» ሐጂ ሙሀመድሰዒድ እየሳቁ ነበር፤ እያለቀሱም ነበር። «እላያችን ደርሰሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ሰማይ ስትወጪ፣ ሰላምታ ስትሰጪን፣ አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። ‹የሐጂ ልጅ ሰገደችላቸው› አሉ። እናትሽ ራሷን ሳተች፤ ውሃ አፍስሰንባት ነው የነቃችው። ልጄ፣ አውፍ በይኝ። ጭልፊት ያልሁሽን አውፍ በይኝ።»

ሉባባ ሻለቃውን አየችው። እሱ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል። የሚረዳት አልነበረም።

«አባ፣ ሰላምታ አልነበረም» አለች። «ወፎቹ ተነሥተው ነው። አንዱ መታኝ። እላያችሁ ላይ ልወድቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ድቤው ይመታል።

«ሰማኸኝ፣ አባ? ድቤውን አስቁም። ታንኳውን ሁሉ አስገባ። አጥማጁ ሥራውን ይሥራ፤ እንዲህ ተሰብስባችሁ ግን አትውጡ።»

«አቁሙ!» ሲሉ ተሰማ፤ ለእሷ አልነበረም። «አቁሙ ብያለሁ! መስዑድ፣ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ዳር!» ድቤው ተቋረጠ። ውሃ ከጀልባ ጎን ጋር ሲላተም ብቻ ቀረ። ሲመለሱ ድምፃቸው የሽማግሌ ነበር። «እኔ ነኝ እንግዲህ ልገድልሽ የነበርሁት?»

«የነገርሁህ እኔ ነኝ፣ አባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጎዱሽ? አባረሩሽ?»

«አላባረሩኝም። እንደገና እፈተናለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ጥቂት ተነፈሱ። «እንግዲያው ስሚኝ። ያን ቀን ማንም አይወጣም። ድቤም የለም፣ ጀልባም የለም። ለእናትሽም አልነግራትም። ሱቄ ደጃፍ ብቻዬን በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቀና ልበል። አንድ ሽማግሌ ቀና ቢል ማንን ይጎዳል? ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነበር። አንድ ሽማግሌ ቀና ቢል ማንንም አይጎዳም።

«ቀኑን አልነግርህም፣ አባ» አለችና ስልኩን ለሻለቃው መለሰች።