ከካናዳ የመጣችው ለቀስተኛ

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ካናዳ የተወለደ አስተማሪ መሆኑን ለሰፈሩ ልጆች ሳልነግር የዋልኩበት ቀን የለም። ሰውየው የኮክ ቅርጫት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ኳሱ በገባ ቁጥር በመሰላል እያስወረደ ነው የጀመረው እላቸዋለሁ። ጨዋታውን ከሰጡን እኛም አንድ ተጫዋች እንስጣቸው እያልኩ ስለፈልፍ ይስቁብኛል። ተጫዋቿን ግን አግኝቻለሁ። ሲሃም ትባላለች፤ የባለሱቁ የከድር ልጅ ናት። ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በተከልናት አንዲት ቅርጫት ሥር ነው ያሠለጠንኳት።

ቪዲዮዋን ወደ አንድ የካናዳ ኮሌጅ ላክሁ። በእኔ ስልክ ከሩቅ የተቀረጸ ስለሆነ መልኳ አይለይም፤ ዝላይዋ ግን ይታያል። ሜጋን የምትባል አሰልጣኝ መለሰችልኝ። ነፃ የትምህርት ዕድሉ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ኬንያ ያየቻት ሌላ ልጅ አለች፤ ሲሃምን ቅዳሜ ከሰዓት አይታ ማታውኑ ትበራለች። ካላየቻት ቦታው የኬንያዊቷ ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡ አረፉ። ዓርብ ቀበርናቸው። የእድሩ ድንኳን ሌላ የሚተከልበት ቦታ ስለሌለው ሜዳችን ላይ ተተከለ፤ ገመዱም ከቅርጫቱ ምሰሶ ጋር ታሰረ። እኔ ከማዘን ይልቅ ተናደድኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ። ቅዳሜ መካኒሳ አቦ ሄጄ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ እንዲከፍትልኝ ዘበኛውን ስለምን ዋልኩ። ሲሃም ማሊያዋን ከረጅም ቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ እንደ ሰፈሩ ልጃገረዶች ሁሉ ለቀስተኛ ታስተናግድ ነበር።

ስመለስ ሜጋን ቀድማኝ ደርሳለች። ያውም ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሟቿ ባል ከአቶ ሚሳኤል ጎን ተቀምጣ። የእድሩ ዳኛ አቶ አስረስ መግቢያው ላይ ከየት እንደመጣች ሲጠይቋት ካናዳ ብላለች። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? የአቶ ሚሳኤል አንድያ ልጅ እድላዊት ያለችው ካናዳ ነው፤ ወረቀቷ ስላላለቀ እናቷን መቅበር አልቻለችም። ስለዚህ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እንግዳዋን እድላዊት የላከቻት ጓደኛ አድርጓታል። አቶ ሚሳኤል ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም ነበር፤ እንባም እምቢ ብሏቸው ነበር። አሁን በአንድ እጃቸው የሜጋንን እጅ ይዘው እያለቀሱ በሌላው ንፍሮ ይበላሉ።

መቀመጥ አቃተኝ። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። ዘበኛው ደውሎ በሩን ሊዘጋው እንደሆነ ነገረኝ። ሲሃምን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ አልተነሳችም። በሁለቱ መሀል ተንበርክካ ታስተረጉማለች። አቶ ሚሳኤል ልጃቸው ከስታ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ እንኳ ሳትመልስ ደህና ናት፣ አምሮባታል አለቻቸው። ሜጋን የተባለው ሳይገባት የሽማግሌውን እጅ ታሻሻለች።

ወደ ሲሃም ጠጋ ብዬ ተነሺ፣ ይህን ዕድል ሁለተኛ አታገኚውም አልኳት።

«አሁን ይዘናት ብንወጣ ለምን እንደመጣች ይጠይቃሉ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለኳስ ነው ልበላቸው?»

እውነቱን ለመናገር፣ አንተው በላቸው ብላ ለእኔ ብትተውልኝ ኖሮ የምነግራቸው ይመስለኛል። ያን ያህል ጓጉቼ ነበር።

በዚህ መሀል ሜጋን ብብቴ ሥር የያዝኩትን ኳስ አየች። ማን እንደሆንኩ ገባትና ስሜን ጠራች። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት መኪና እየጠበቃት እንደሆነ ነግራ ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። አፌን ከፈትኩ። አቶ ሚሳኤል ንፍሮ ዘግነው መዳፏ ላይ እያደረጉላት ነበር።

ሲሃም ቀደመችኝ።

«ዛሬ አትመጣም» አለቻት በእንግሊዝኛ፣ እንደተንበረከከች። «ሰው ሞቶባታል።»

ሜጋን ንፍሮውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ የሲሃምን ትከሻ ነካች።

«በጣም እንዳዘንኩላት ንገሪልኝ።»

«እነግራታለሁ» አለች ሲሃም።