የፉአቲኖ ቀኝ ጆሮ

ፉአቲኖ ስልክ ማውራት ከጀመረች ፀሐይ ጠልቃባት ነው የምታበቃው። ልጇ ሲኒቫ ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ትደውልና እናትና ልጅ ራት እስኪቀርብ ያወጋሉ። እኛ የሳቫኢ ደሴት ሴቶች ግድግዳ በሌለው ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ምንጣፍ ስንሠራ፣ የእናትየውን ሳቅ እንጂ የልጅቷን ቃል አንሰማም ነበር።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ፉአቲኖን ራስ ምታት ያዛት። ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ግንባሯ ይወጣል። ይህን የሰማው የአውቶቡስ ሾፌሩ ሮፓቲ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣

«እትዬ፣ በየትኛው ጆሮሽ ነው ስልክ የምታወሪው?» አላት።

«በቀኙ።»

«በቃ፣ ጨረሩ ነዋ! አንጎልሽን እንደ ታሮ ሥር እየቀቀለው ነው። ዕጢም ያወጣል ይባላል።»

ይህን ብሎ አውቶቡሱን እየነዳ ሄደ።

ፉአቲኖ ያን ዕለት ስልኳን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ደጇ ያለው የማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«ላጊ፣ ስሞት ትልቁ ምንጣፍ የሲኒቫ ነው። የሮፓቲ ሚስት ለቅሶ ላይ ልቀመጥበት ብትልሽ እንዳትሰጪያት።»

ሳቄ መጥቶ ነበር። ግን ባሏንም የወሰደው የራስ ሕመም ነውና ዋጥኩት።

ሲኒቫ ደውላ ደውላ መልስ ስታጣ የመንደራችን ቄስ ዘንድ ደወለች። «እናቴ ሞታ ነው የምትደብቁኝ?» ብላ አለቀሰችባቸው። ቄሱ በዝናብ እየሮጡ ቢመጡ፣ ፉአቲኖ ቁጭ ብላ ዓሣ ትበላለች። እኔም በነጋታው እጇን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሟ ኢሎና የምትባል ወጣት ናት። የፉአቲኖን ዓይን አየች፣ አስነሥታ አስኬደቻት፣ እጄን ይጨብጡኝ እያለች የእጇን ጉልበት ለካች።

«ጨረሩስ?» አለች ፉአቲኖ። «አንጎሌ በስሎ እንደሆነ አትደብቂኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ከስልክ የሚወጣው ጨረር ደካማ ነው፤ አንጎል አይቀቅልም። ብዙ ተጠቃሚዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ የአንጎል ዕጢ እንደሚያመጣ ማረጋገጫ አላገኙም። ጥናቱ ግን አላበቃም። ከሠጉ ከጆሮዎ ራቅ ያድርጉት። እስቲ ሲያወሩ እንዴት እንደሚይዙት ያሳዩኝ።»

ፉአቲኖ አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጋ የሰጠኋትን ስልኬን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ወተፈችው። ሁለቱ እጆቿ ባየር ላይ ምንጣፍ ይሠራሉ።

«እንዲህ ሆነው ምን ያህል ይቆያሉ?»

«እስኪመሽ ነዋ!»

ሐኪሟ የአንገቷን ጅማት ጫን አደረገችው። ፉአቲኖ ጮኸች።

«ያመመዎትማ አንገትዎ ነው፣ እማማ!»

ከበሩ እንደወጣን ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «አልሞትም እኮ!» እያለች ሳቀች፤ ቀጥሎም አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ ከማንጎው ወርዶ መካከላችን ተቀምጦ ድምፁ ለሁላችን ይሰማ ጀመር። ሲኒቫ ይህን የት ታውቃለች? በመጀመሪያው ቀን፣

«እማዬ፣ ላጊ ያንን ዶሮ የጫረው የሚመስል ምንጣፏን ጨረሰች?» አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፉአቲኖ በሳቅ ስልኩ ላይ ልትወድቅበት ምንም አልቀራት።

«ገና ነው፣» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ዶሮዋ እናትሽን ሆስፒታል ስታመላልስ ጊዜ አጣች!»

የሲኒቫ ሳቅ ከስልኩ ሲፈነዳ ቤቱ አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ብቻዋን ትበላው የነበረውን ራት ከእኛ ጋር እያወራች ትበላው ጀመር።

የፉአቲኖ አንገት ቀስ በቀስ ተፍታታ። አንድ ማታ ሲኒቫ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለች።

ፉአቲኖ ዙሪያዋን ቃኘችን። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ብቻዬን ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«አንድ ሰው አለ። ለገና ይዤው ልመጣ ነው። እኔን ለማግባት ሊጠይቅሽ ይፈልጋል።»

ጩኸታችን ጎረቤት ድረስ ተሰማ። አንዷ ከበሮ ፍለጋ ሮጠች፣ ሌላዋ ሙሽራው ረጅም ነው አጭር እያለች ስልኩ ላይ ተደፋች። ፉአቲኖ ግን መሐላችን ቆማ እየጨፈረች ነበር።