የደቅ ሰዓት

ከአርባ አንዱ ኮምፒውተር አርባው ተቀበለ። አንዱ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለው የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ እንቢ አለ።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ባለ ቢሮ ነው። በየቦታው ላሉ ክሊኒኮች ኮምፒውተሮች የሚያስፈልጋቸውን ከወንበሬ ሳልነሣ እልካለሁ። ያን ሳምንት የላክሁት ድራይቨር ነበር፤ ኮምፒውተሩ ከአዲሱ ፕሪንተር ጋር የሚግባባበት። ያለ እሱ ፕሪንተሩ ባዶ ወረቀት ይተፋል። ነርሷ ሲስተር ወለተ ሥላሴም በጀልባ ወደ ከተማ ለሚሻገሩ ነፍሰ ጡሮች የሪፈር ወረቀት በእጃቸው እየጻፉ ጣታቸው ዝሏል።

ሁለት ቀን ሙሉ የደቁን ስክሪን ከዚህ ሆኜ ስመለከት ዋልሁ። መስመሩ ደህና ነው። የይለፍ ቃሉም ልክ ነው። ፋይሎቹን የሚያድለው ማዕከል ግን እንደማያውቀው እንግዳ ይመልሰዋል። በመስኮቴ በኩል ጉም ሐይቁን ሸፍኖት ውሃውና ሰማዩ አይለዩም ነበር፤ አንዲት ታንኳ አየር ላይ የተንጠለጠለች መስላ ታልፋለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደወልሁ።

«እንዴት አደሩ ሲስተር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬም ልትነዘንዢው ነው? ተይው ልጄ፣ እንደኔ አርጅቷል።»

«አጥፍተው ቢያበሩትስ?»

«ትናንት ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። እኔን እንዲያ ቢያደርጉኝ አልነሣም ነበር።»

ስስቅ ዓይኔ የደቁ ስክሪን ጥግ ላይ ባለው ሰዓት ላይ አረፈ። አራት ሰዓት ከአሥር። የግድግዳዬም ሰዓት አራት ከአሥር ነው። ልክ ነው ብዬ ላልፍ ስል ደነገጥሁ። የእኔ ኮምፒውተር የሚለው አሥር ሰዓት ከአሥር ነው። ሁሉም የሚሄዱት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የደቁ ብቻ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ማዕከሉ ደግሞ ሰዓቱ ከእሱ ጋር ያልገጠመውን ኮምፒውተር አያምንም። ሁለት ቀን እያየሁት ያላየሁት እንደ እኛ ስለሚቆጥር ነው።

«ሲስተር፣ ሰዓቱን ማን ነካው?»

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማሁ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ግሩም ነዋ። ያኔ ኔትወርክ አልነበረንም። መድኃኒት ስሰጥ ሰዓቱ ግራ ያጋባኛል ብዬ ብነግረው፣ ‹እንግዲያው የእኛን ይቁጠርልዎ› ብሎ አስተካከለልኝ። በመጨረሻ የመጣ ጊዜ።»

ግሩም ባለቤቴ ነበር፤ ያኔ በየክሊኒኩ እየዞረ ኮምፒውተሮቹን የሚያይ እሱ ነበር። ከዚያ ጉዞ በተመለሰ በወሩ ቀበርነው።

«ካልነካሁት ወረቀቱ አይታተምም» አልሁ።

«እንግዲያማ ንኪው። ነገ የምትሻገር ወላድ አለችኝ።»

እጄ ማውሱ ላይ ቆየ። አንድ ጊዜ ብጫነው የግሩም ሰዓት ያበቃል። ከዚያ ሌላ መንገድ ታየኝ፤ ማዕከሉ የሚያመሳክረው የዓለሙን ሰዓት ነው፤ ስክሪኑ የሚያሳየው ግን የተመረጠለትን ሀገር ሰዓት። ትክክለኛውን ሰዓት ሰጠሁትና ሀገሩን ቀየርሁበት። ከዝርዝሩ ውስጥ ከእኛ ስድስት ሰዓት የሚዘገይ ሀገር ፈለግሁ፤ ከውቅያኖሱ ማዶ አገኘሁ። ኮምፒውተሩ አሁን ሌላ ዳርቻ ላይ ያለ ይመስለዋል። እዚያ ገና አልነጋም።

ማዕከሉ አወቀው። ፋይሉ ቀስ እያለ መግባት ጀመረ።

«ወይ ጉድ! ወረቀቱ ጽሑፍ አለው!» አሉ ሲስተር።

«ሰዓቱስ?»

«አራት ከሠላሳ አምስት። እንዳለ ነው። ምን አደረግሽው?»

«ምንም። እሱ እንዳስተካከለው ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ሪፖርቱን ከፈትሁ። «የችግሩ ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። ጉሙ ተነሥቶ ነበር፤ ታንኳዋም ውሃው ላይ ነበረች።