የቀይ አውራ ዶሮ ላባ

አጎቴ አካለ ወልድ በየዓመቱ በጾመ ነቢያት የብርብራ ፍሬ አስወቅጠው ከሞጣ በታች ያለው ወንዝ ላይ ይበትናሉ። ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሰዉ በቅርጫት ይለቅመዋል። ዘንድሮ ጉልበታቸው ስለደከመ «ዱቄቱን አንተ ትበትናለህ» ብለው ከቢቸና አስጠሩኝ። እናቴም የድርሻዬን ዓሣ እየጠበቀች ነው።

እኔ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ሌላ ነገር ይዞኛል። አንድ ሰው መንጠቆ ላይ ላባ አስሮ፣ ዝንብ አስመስሎ ውሃ ላይ ሲጥል በስልኬ አየሁ። ዓሣው ዘሎ ጎረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀዩን አውራ ዶሯችን የአንገት ላባ በክር ስጠመጥም ነው የምውለው። «ዶሮው እኮ መላጣ ሆነ!» ትላለች እናቴ።

አምና ብርብራው ሲበተን ጣቴን የማያክሉ ዓሣዎች ነጭ ሆነው ዳር ዳሩን ተደርድረው ነበር። ማንም አልለቀማቸውም። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ የዱቄቱን ከረጢት አስቀምጬ የሸምበቆ ዘንጌን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ዱቄቱ ሳይገባ በዚህ ልሞክር፤ ትንሽ ይታገሱኝ።»

አብሮን የመጣው የአጎቴ ጎረቤት የሻው ላባውን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «የዶሮ ላባ? በጾም ዓሣውን ልታስገድፈው ነው?»

አጎቴም ሳቁ። «በል፣ ፀሐይዋ ከዚያ ሾላ በላይ እስክትወጣ ነው።»

ወረወርኩ። ክሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ደግሜ ወረወርኩ።

«ቁጥቋጦ ያዘ! ቅርጫት አምጡ!» አለ የሻው።

ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ላባው በድንጋዩ ጥላ ሥር ሲያልፍ ውሃው ተሰነጠቀ። ክብደቱ እስከ ክርኔ መጣ። ቸኩዬ ጎተትኩት፤ ባዶውን ተመለሰ። መንጠቆው ከስፌት መርፌ የሠራሁት ነው። ላጎብጠው ስል በእሳት አለስልሼው ኖሮ ቀጥ ብሎ ተቃንቷል።

«አመለጠህ» አሉ አጎቴ።

«አዎ። ግን ጎርሶታል።»

«እሺ፣ አሁን ከረጢቱን አንሳ።»

እጄ እምቢ አለኝ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ከእንግዲህ ብርብራ አልበትንም።»

«ያልበተነ አይካፈልም። እናትህን ምን ልትላት ነው?»

«መንጠቆው ለሰለሰብኝ እላታለሁ።»

የሻው ከረጢቱን አነሳ። እኔ ወደ ኋላ ሳላይ ዳገቱን ወጣሁ።

በቢቸናው መኪና ዘንጌ በመስኮት ወጥቶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ረዳቱ።

«ዓሣ ማጥመጃ።»

«ዓሣውስ?»

«መጀመሪያ ደህና መንጠቆ ልግዛ» አልኩት።