አንድ ቁጥር ሲቀራት

የቢንጎ ካርቴላዋን ለመሙላት የቀራት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ኦ ስልሳ ስምንት። ስልኳን ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ሥር፣ ከደረሰኝ ማሽኑ ጎን አጋድማዋለች። ድምፁን አጥፍታዋለች፤ ቁጥር በተጠራ ቁጥር ስክሪኑ ብልጭ ይላል።

«ያችኑ የደም ግፊቷን ኪኒን ነው ልጄ፤ ከትናንት ወዲያ አልቃብኝ» አሉ ከባንኮኒው ወዲያ የቆሙት ሽማግሌ፣ የሐኪም ማዘዣቸውን እየዘረጉ።

«እሺ ጋሼ።»

እጇ ወደ ኋላ፣ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ዐይኗ ግን ከስልኩ አልተነቀለም። የለመደችው መደርደሪያ ነው፤ በዳበሳም ታገኘዋለች። ሣጥኑን አወረደች፣ በወረቀት ከረጢት ከተተች፣ ሒሳቡን ተቀበለች። «ጠዋት ጠዋት አንድ፣ እንደ ድሮው» እያለች ሳለ ቁጥሩ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ኮከቦች ተበተኑ።

ሽማግሌው ፊቷ ሲበራ አይተው ፈገግ አሉ። «ምን ተገኘ ዛሬ?»

«ምንም ጋሼ፤ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነው።»

«ይበልሽ። ሳቅ ያምርብሻል። እኔም ቤቴ ገብቼ ይቺን ልዋጥ» ብለው ከረጢታቸውን ይዘው ወጡ።

ቤተሰቧ «ሚዛን» ነው የሚላት። ልጅ ሳለች አንዲት ከረሜላ እንኳ ብትደርሳት ለታናሽ ወንድሟ እኩል ሳታካፍል አትቀምስም ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። ቢንጎውንም የምትጫወተው እንደዚያው በልክ ነው። ሰኞ ሰኞ ትንሽ ገንዘብ ታስገባለች፤ ካለቀች አለቀች፣ እስከሚቀጥለው ሰኞ ዝም ነው። እንዳትረሳው ብላ ገደቡን መተግበሪያው ላይ ራሱ ሞልታዋለች። ተበድራ አታውቅም፤ ከቤት ወጪ ቆንጥራ አታውቅም። ወንድሟን ለመምከር አፍ የሰጣትም ይኸው ነው። ወንድሟ ታክሲውን በዚሁ በቢንጎ በልቶ፣ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ሄዳ፣ አሁን እሷ ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው፤ በሰው ሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰ ይኖራል።

«ጨዋታው ምን አደረገህ? ልክህን አታውቅም እንጂ» ትለዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል።

ልብ ያላለችው ነገር ነበር። ገንዘቧ ሳምንቱን እንዲያደርስላት ብላ የምትገዛው በጣም ርካሹን ካርቴላ ነው፤ ርካሽ ካርቴላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያጫውታል። መጀመሪያ በምሳ ሰዓት ነበር የምትከፍተው። ቀጥሎ ደንበኛ ሲጠፋ። በኋላ በኋላ ደንበኛው ፊቷ ቆሞም ቢሆን። ወጪዋ ሳንቲም አልጨመረም፤ ስለዚህ የጨመረ ነገር ያለ አልመሰላትም።

ያን ጠዋት ያገኘችው ገንዘብ ሦስት ወር ብትሠራ አታገኘውም። ለልጇ አልጋ ልትገዛ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ የጣሪያው ማፍሰስ ትዝ አላት። በዚህ ሐሳብ ላይ እያለች አንዲት ሴት የስኳር ኪኒን ልትገዛ መጣች። ሚዛን ዞር ብላ እጇን ሰደደች፤ የስኳሩ ረድፍ ባዶ ነው። አንድ ሣጥን ቀርቶ እንደነበር ጠዋት በዐይኗ አይታለች፤ ለማንም አልሸጠችውም። ከጎኑ ያለውን የግፊቱን ረድፍ አየች። ራሷ እንደደረደረችው ሞልቶ ተቀምጧል፤ አንድም አልጎደለም።

ለሽማግሌው የሰጠችው የስኳሩን ነው። የስኳር ሕመም የሌለበት ሽማግሌ ያን ኪኒን በባዶ ሆዱ ቢውጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ሴትዮዋን «ይቅርታ፣ አልቋል» ብላ ሸኘቻት፤ በሩን ቆለፈች፤ ለወንድሟ ደወለች።

«የት ነህ? አሁኑኑ ድረስልኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ሰው ሳልገድል አልቀርም።»

የሽማግሌውን ቤት ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏቸው መድኃኒት አድርሳላቸው ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ የሰፈሩን የውሃ ፓምፕና የስፌት መኪና እስከ ዛሬ ይጠግናሉ።

ወንድሟ ሞተሩ ላይ ከኋላው አፈናጧት በመኪናዎቹ መሃል እየተሹለከለከ አንገቱን ዞር አደረገ። «ንገሪኝ እንጂ፣ ምንድነው?»

«ያልታዘዘ መድኃኒት ሰጠሁ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ የሰውን ስህተት የምትለቅሚ ነሽ።»

«ስልኬ ተከፍቶ ነበር» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። ሞተሩን አፈጠነው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሽማግሌው መሣሪያዎቻቸው ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። አንድ እግራቸው ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። ቀና ብለው አዩዋትና ሚስታቸው መስላቸው በሟቿ ስም ጠሯት። ሚዛን ወጥ ቤት ገብታ እጇ የደረሰበትን ስኳር ሁሉ በብርጭቆ ውሃ በጠበጠች፤ አገጫቸውን ይዛ ቀስ በቀስ አጠጣቻቸው። ከከንፈራቸው እየፈሰሰ አንገታቸውን አረጠበው።

«ይዋጡልኝ ጋሼ። ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ።»

ወንድሟ ታክሲ ሊያቆም ወጣ። ሚዛን ብቻዋን ስትቀር ጠረጴዛው ላይ ሣጥኑን አየችው፤ አንድ ኪኒን ብቻ ነው የጎደለው። አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለሐኪሙ ለማሳየት ነው አለች ለራሷ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ግን አላሳየችም። ወጣቷ ሐኪም «ምን ወስደው ነው?» ስትላት፣ «የስኳር ኪኒን፤ አንድ» አለች በጥድፊያ።

«የስኳር ሕመም አለባቸው?»

«የለባቸውም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

ሚዛን አፏን ስትከፍት ሌላ በሽተኛ በቃሬዛ ገባና ሐኪሟ ወደዚያ ሮጠች። ሽማግሌው ላይ ግሉኮስ ተሰቀለ። «መድኃኒቱ ከሰውነታቸው እስኪወጣ እዚሁ ያድራሉ፤ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር» አለች ነርሷ። ማስያዣ ተጠየቀ። ሚዛን ስልኳን አውጥታ ካሸነፈችው ላይ ከፈለች። መተግበሪያውን ስትከፍት «ገደብዎን አክብረው ስለሚጫወቱ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ጠበቃት።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች።

«እኔ መኪናዋን ከመሸጤ በፊት» አለ እሱ ወለሉን እያየ፣ «ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ ረስቻት ነበር። ዝናብ ነው። ካርቴላዬ ልትሞላ ስትል አንዱን ጨርሼ ልሂድ፣ አንዱን ጨርሼ ልሂድ እያልኩ። ዘበኛው ኮቱን አልብሷት አገኘኋት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ገንዘቡ ብቻ ነዋ የምትጠይቂኝ።»

ስልኳን አቀበለችው። «ጨዋታው የሚዘጋበትን አሳየኝ።» ቦታውን ሳይፈልግ አገኘው። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር፣ ለዘለቄታው ይላል። ሚዛን ለአንድ ወር የሚለውን ነካች።

«ከታች ሌላም አለ እኮ» አላት።

«አይቼዋለሁ።»

ወንድሟ ስልኩን መለሰላትና ዕቃ እንዲያደርስለት ያዘዘው ሰው እየጠበቀው መሆኑን ነግሯት ሄደ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደወለ። በሩ ለምን እንደተዘጋ ጠየቀ፤ ነገረችው።

«ሰውየው ደኅና ነው?»

«ይተርፋሉ ብለዋል።»

«የት እንደገዛው የጠየቀ አለ?»

«እስካሁን የለም።»

«እንግዲያው አንቺ ምን አንቀለቀለሽ? ፈቃዴን ይሰርዙታል፤ የአንቺም አብሮ ይሄዳል። የምታሳድጊው ልጅ አለሽ። ሣጥኑን ይዘሽልኝ ነይና እኛው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

«እሺ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው ልጅ ከሌላ ከተማ ደረሰች፤ የሥራ ደንብ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ነርሷ የሆነውን ስትነግራት ወዲያው ገባት። ወይም የገባት መሰላት።

«የእናቴን ነው የዋጠው» አለች ግንባሯን ይዛ። «እናቴ ስኳር ነበረባት። ከሞተች ጀምሮ መሳቢያዋን አትንኪብኝ እያለኝ ኪኒኗ ሁሉ እዚያው ነው። አባዬ፣ የእማዬን ነው አይደል የዋጥከው?»

ሽማግሌው ነቅተዋል። ዐይናቸው ጠርቷል፤ ድምፃቸው ግን ገና ደክሟል። «እንጃ። እኔስ ከከረጢቱ ያወጣሁት መስሎኝ ነበር።»

«ከመሳቢያው ነው አባዬ። ባለፈውም ምድጃ ሳታጠፋ ወጥተህ ነበር።»

አሰቡ። ግድግዳውን ትክ ብለው እያዩ ከረጢቱን፣ ውሃውን፣ ኪኒኗን በልባቸው ሲፈልጉ ሚዛን ከአልጋው ግርጌ ቆማ ታያቸዋለች።

«ካልሽ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ራሴን አላምነውም እንግዲህ።»

«ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። ከልጆቹ ጋር ታድራለህ፤ ይጠባል ግን ምን ይደረግ። ቤቱን እናከራየዋለን።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ከኪሳቸው የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው ለልጃቸው ሰጡ። «መሣሪያዎቼን ብቻ አትሽጪብኝ» አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጅቷ ሚዛንን ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። ቁልፉን እንደጨበጠች ነው። «ማስያዣውን አንቺ ነሽ የከፈልሽው አሉኝ። እግዜር ይስጥሽ እህቴ፤ እመልስልሻለሁ። ካንቺ ሌላ ማን ደረሰለት? ግን እንዴት አወቅሽ? ማን ነገረሽ?»

ሚዛን መልሱን አዘጋጅታው ነበር፤ በዚያ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ አየሁ ልትል ነበር። ጥሩ መልስ ነው፤ የሚጠረጥረው የለም። በተከፈተው በር በኩል ግን ሽማግሌው እጃቸውን ዐይናቸው ፊት አንስተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ታዩዋት፤ እንደ ሰው ዕቃ ይመረምሩታል።

«ኪኒኑን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። የግፊታቸውን ሊገዙ መጡ፣ የስኳር ሰጠኋቸው። ከከረጢቱ ነው ያወጡት፤ አልተሳሳቱም።»

ልጅቷ ክንዷን ለቀቀቻት። ፊቷ ለመቆጣት እንኳ ጊዜ ያጣ ይመስላል። ሚዛንን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ሰው በዝቶብሽ ነው?» አለች፤ ቢሆንላት ይህን መስማት የፈለገች ትመስላለች። «ደክሞሽ ነበር?»

ባለቤቱም ይህንኑ በይ እንደሚላት ታውቃለች። ሰው በዝቶባት፣ ደክሟት፣ ልጇ ታሞባት።

«አልደከመኝም» አለች። «ቢንጎ እየተጫወትኩ ነበር።»

ልጅቷ ዞር ብላ በተከፈተው በር አባቷን አየች። አንዲት ነርስ ትሪ ይዛ በመሃላቸው አለፈች። ሚዛን ነርሷ እስክትርቅ ጠበቀች።

«ቁልፋቸውን መልሺላቸው» አለች። «እኔ ሐኪሟን ጠርቼ ሣጥኑን ላሳያት።»