ከፕላኑ ውጭ የተከፈተው መስኮት

ኑሪያ ጅቡቲ ከተማ ዳር ባልባላ ውስጥ በመንግሥት የቤቶች ፈንድ ከተሠሩት ስልሳ ቤቶች አንዱ ሲደርሳት ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ፣ በጣውላና በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል፣ ባሏ በሕይወት እያለ ከእሱ ጋር፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ብቻዋን ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ወላጆቿ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ፣ ካርቲየ 3 ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ ፀጉሯ የሸበተ የአገሩ ሰው ናት።

ቁልፉን በተረከበችበት ቀን ውሉን አነበቡላት። ቤቱን ማከራየት ክልክል ነው፤ መሸጥም እንደዚያው። ለአምስት ዓመት ደግሞ ያለ የጽሑፍ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይቻልም።

"ደግሞ ግድግዳ ነክቼ ምን ላደርግ?" አለችና ስቃ ፈረመች።

ሙቀቱ ሲበረታ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኩሽናው መስኮት አልነበረውም። በሩም የሚከፈተው ወደ ሳሎን ስለሆነ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ቤቱን ያፍነው ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሩዝ እያማሰለች ሳለ ዓይኗ ጨለመባት። ስትነቃ ጭልፋውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ያኔውኑ ለሟች ባሏ ወንድም ደወለች። ከይረዲን ይባላል፤ ግንበኛ ነው።

"ከይሩ፣ መዶሻህን ይዘህ ና።"

እሱም አልጠየቀም። መጣና በግማሽ ቀን ብሎኬቱን አፍርሶ፣ በጓሮ በኩል መስኮት ከፍቶ፣ የብረት ፍርግርግ ገጠመለት። ንፋሱ ሲገባ ኑሪያ እጇን ዘርግታ "አልሐምዱሊላህ!" አለች። ጎረቤቶቿ ለማየት ተራ በተራ ይመጡ ጀመር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀዋሪያ ደወለች። ጀዋሪያ የካርቲየ 7 ቢስ የድሮ ጎረቤቷ ናት፤ ያን ሁሉ ዓመት ጨውና ስኳር ሲበዳደሩ ኖረዋል።

"ኑሪያ፣ ስሜ ሁለተኛው ዙር ውስጥ ወጣ! እዚያው እናንተ አጠገብ ነው የሚሠራልን!" እየጮኸች ነበር የምታወራው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ብቻ መጀመሪያ የእናንተን ቤቶች ይመረምራሉ አሉ። ደንቡ ከተጣሰ የሁለተኛው ዙር ገንዘብ አይለቀቅም። አንድ ቤት እንኳ ያለ ፈቃድ ተቀይሮ ከተገኘ ነገሩ ይጓተታል ይላሉ። የእናንተ ሰፈር ደህና ነው አይደል?"

ኑሪያ "ደህና ነው" አለች፤ ያን ሌሊትም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

የፈንዱ መርማሪ የምትመጣበት ቀን ሲነገር ግድግዳውን መልሶ ለመገንባት ጊዜ አልበቃም። ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም አይይዝም። ከይረዲን ሌላ መላ ዘየደ፤ የልብስ ቁም ሳጥኑን እየጎተተ ወደ ኩሽና አስገብቶ መስኮቱ ላይ አስደገፈው።

መርማሪዋ ኢክላስ የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ቀጭን ሴት ነበረች። ሰላምታዋ በፈረንሳይኛ፣ ጥያቄዋ በሶማሊኛ ነበር። መታወቂያ አየች፤ በቤቱ የሚኖረው ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ክፍሎቹን ለካች። ኩሽና ስትገባ ቆም አለች።

"የልብስ ቁም ሳጥን እዚህ?"

"ቦታ ጠቦኝ ነው" አለች ኑሪያ፣ እሷም በሶማሊኛ። ከዚያ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ወደ ከይረዲን ዞረችና በአማርኛ "አንተ፣ ከጎኑ ብርሃን እየገባ ነው፤ ሄደህ ቁምበት!" አለችው።

ከይረዲን እንደ ዋዛ ሄዶ ቆመ።

"በግራ በኩል ነው" አለች ኢክላስ በጠራ አማርኛ፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ላይ ሳታነሳ። "ብርሃኑ የሚገባው በግራ ነው።"

ከዚያ ከይረዲን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በቁም ሳጥኑ ላይ ተደገፈ።

"አንቺ! የማን ልጅ ነሽ?" አለች ኑሪያ።

"እናቴ የድሬ ልጅ ናት። ከዚራ ሰፈር ነው ያደገችው።"

ኑሪያ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቀችም፤ ሙቀቱን፣ የወደቀችበትን ቀን፣ መዶሻውን፣ ሁሉንም ነገረቻት። "ልጄ፣ የምትቀጪ ከሆነ እኔን ቅጪ። ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዙር የደረሳት የድሮ ጎረቤቴ ጀዋሪያ ግን በእኔ ጥፋት ቤቷን እንዳታጣ።"

"ልዋሽልዎ አልችልም፤ እጽፈዋለሁ" አለች ኢክላስ።

"ጻፊው።"

"ግን ያየሁትን በሙሉ ነው የምጽፈው። ቁም ሳጥኑን ያንሱልኝ።"

ከቦርሳዋ የሙቀት መለኪያ አወጣች። ደንቡ የሳሎንንና የመኝታ ክፍልን ሙቀት መለካት ያዛል፤ ኩሽናን ያሰበው አልነበረም። ምድጃውን አስለኩሳ የኑሪያን ኩሽና ለካች። ቀጥላ ጎረቤት ገብታ፣ መስኮት በሌለው ኩሽና ውስጥ ወጥ ተጥዶ እያለ ለካች። ላቧን እየጠረገች ስትመለስ ልዩነቱ ስምንት ዲግሪ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብላ ከበላዩ ያለውን ግድግዳ በጣቷ አሳየች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት።

"ከላይ ያለውን ብሎኬት የሚሸከም ኮንክሪት አላደረጋችሁም። ያለ ፈቃድ አትንኩ የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ይህ እርስዎ ላይ ቢወድቅስ?"

ከይረዲን ፊቱ ቀላ። "እውነቷን ነው" አለ። "ቸኩዬ ነው።"

"ለውጥ ያደረገ ሰው ከምርመራው ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ በመሐንዲስ የተፈረመ ንድፍ ካቀረበ እንደ ጥሰት አይቆጠርበትም። ውሉ ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ።"

"ገጽ ዘጠኝ ድረስ ማን ያነባል?" አለች ኑሪያ። "ደግሞ አቦ፣ 'እርስዎ' አትበይኝ! ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ እናትሽ አልነገረችሽም?"

ኢክላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "እሺ፣ አንቺ። ንድፉን ግን እንዳትረሺ።"

በማግስቱ ኑሪያ ከይረዲንን አስከትላ በሚኒባስ ወደ ከተማ ወረደች። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ የሰፈሩ ሴቶች ዘጠኝ ሆነው ተከተሏት፤ ሁሉም መስኮት ፈላጊ ናቸው። የፈንዱ መሐንዲስ ቢሮው በአንድ ጊዜ በሴት ሲሞላ ደነገጠ፤ በኋላ ግን የኢክላስን ሪፖርት ገልጦ አነበበና ወንበር እንዲመጣላቸው አዘዘ። ኑሪያ ሩዝ ስታማስል የት እንደምትቆም፣ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ መስኮቱ ለምን ከምድጃው ፊት ለፊት መሆን እንደሌለበት ስታስረዳው እሱ በእርሳስ ይስል ነበር።

ፈቃዱ በአራተኛው ሳምንት መጣ። ከይረዲን ኮንክሪቱን በመሐንዲሱ ፊት፣ በራሱ ወጪ ሞላ። የሁለተኛው ዙር ገንዘብም ተለቀቀ፤ አዲሱ ፕላን ላይ እያንዳንዱ ኩሽና መስኮት ነበረው።

በዓመቱ ጀዋሪያ ዕቃዋን በፒካፕ አስጭና ባልባላ ገባች። ኑሪያ ከማለዳ ጀምራ ስታበስል ነበር። ዕቃ አውራጆቹንም፣ ሾፌሩንም፣ ለመመረቅ የመጡትን ሴቶችም አዲሱ ቤት ወለል ላይ ሰሌን አንጥፋ አበላች። ጀዋሪያ ግን አልበላም ብላ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፤ መብራት ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ቧንቧ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱ የትም አይሄድም! ነይ ተቀመጪ፤ ሩዙ ቀዘቀዘ!" ብላ ኑሪያ ጮኸችባት።